ቁልፉ ማን ጋ ነው?

የኮተቤ ሰዎች፣ ዛሬ የምቆጣው ራሳችንን ነው፤ በሰፈራችን መንገድ ላይ የብረት በር ገጥመን ማታ ማታ የምንቆልፈውን።

መገናኛ ላይ «ኮተቤ ካራ! ካራ!» ሲባል እየተጋፋን የምንገባው ሁላችንም ነን። ላምበረት ታለፈና ወሰን ላይ ግማሹ ይወርዳል። 02 ላይ ታክሲው ባዶ ሊሆን ምንም አይቀረው። ካራ ድረስ የሚሄደው ጃኬቱን ቆልፎ ነው የሚወርደው፤ እዚያ ብርዱ ሌላ ነው። የፌርማታዎቻችን ስምም ቅልቅል ነው። ወሰን የግሮሰሪ ስም ነው፣ 02 ደግሞ የቀበሌ ቁጥር። ቀበሌን የወለደው የሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ነበር። ቀበሌው ወረዳ ከሆነ ቆየ፣ ቁጥሩ ግን ከረዳቱ አፍ አልወጣም። (እኔን ደስ ይለኛል።)

አሁን መሬቱን እዩት። ዋናው አስፋልታችን አንድ ነው፣ በለገጣፎ አድርጎ ደሴ የሚወስደው። ከላይ የካ ተራራና ባሕር ዛፉ፣ ከታች ወደ ሲኤምሲ የሚወርደው ቁልቁለት። መንደሮቻችን በዚህ አስፋልት ግራና ቀኝ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰክተዋል። በመንደርና በመንደር መካከል ብዙ ጊዜ ገደል ወይም የጎርፍ መውረጃ አለ። ከአንዱ ኮብልስቶን ወደ ሌላው በመኪና ለመሻገር አስፋልት ድረስ መመለስ ነው። እንዲህ ባለ ሰፈር መንገድ ላይ የብረት በር ገጥሞ መቆለፍ ምን ይባላል?

ባለፈው ክረምት ከእኛ በታች ያለች ጎረቤታችንን ሌሊት ምጥ ያዛት። የተጠራው ታክሲ በራችን ላይ ቆመ። ዘበኛው «ቁልፉ ኮሚቴው ጋ ነው» አለ። ኮሚቴው ስልክ አያነሳም። ዝናቡ ይወርዳል፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል። በእግረኛዋ ጠባብ በር አሾልከን፣ በሁለት ትከሻ ደግፈን፣ ያን ሁሉ ዳገት በእግሯ አወጣናት። በየአሥር እርምጃው አጥር ይዛ ትቆማለች፣ እኛም ጃንጥላ ዘርግተን እንቆማለን። ባሏ ነጠላ ጫማው አንዱ ጭቃ ውስጥ ቀርቶበት በባዶ እግሩ ነበር። ልጅቷ በሰላም ተወለደች፣ ተመስገን። እኔ ግን ለዚያ በር ብረት 500 ብር ካዋጡት አንዱ ነኝ።

ሌባ የለም አላልኩም። የእኔም ስፖኪዮ ሁለቴ ተነቅሏል። ግን እናንተ ሰዎች፣ እድራችን አንድ፣ ድንኳናችን አንድ፣ ለቅሶ ላይ አብረን ንፍሮ እንቆረጥማለን። ታዲያ ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን የታች ሰፈሩ ሰው በምን ሒሳብ ባዕድ ይሆናል? ደግሞ «የእኛ ኮብልስቶን» የምትሉትን ተዉ። ያ መንገድ የተሠራው ለሚሄድበት ሁሉ ነው።

ዘበኛ አለን፣ ደሞዝ እንከፍለዋለን። ቁልፉ እሱ ኪስ ይግባ። በር ላይ የሚያንቀላፋ ከሆነም ይቀየር። እሑድ ስብሰባ አለ። የሻይ ቤቱን ወንበር ከመያዛችሁ በፊት ኑ፣ እኔ የመጀመሪያውን ጥያቄ ይዤ እመጣለሁ።