ማስተካከያ፦ የሶፍትዌር ፋይሎችን በሃሽ ስለ መለየት
በጎንደር ፒያሳ አካባቢ ለሚሠሩ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያዎች ቀደም ሲል በተሰራጨው መመሪያ ላይ «የፋይሉ ሃሽ በታወቁ ፋይሎች ዝርዝር ውስጥ ከተገኘ ፋይሉ አደጋ የለውም» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰፍሯል። ይህ እንደሚከተለው ተስተካክሏል። ሃሽ ማለት ከፋይሉ ይዘት በስሌት የሚወጣ፣ ፋይሉን እንደ ጣት አሻራ ለመለየት የሚያገለግል የቁምፊዎች ቅደም ተከተል ነው።

የሃሹ መመሳሰል የሚያሳየው በእጅ ያለው ፋይል በዝርዝሩ ከተመዘገበው ፋይል ጋር አንድ መሆኑን ብቻ ነው፤ ስለ ፋይሉ ደኅንነት አይመሰክርም። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም የሚያሳትመው የታወቁ ሶፍትዌሮች የሃሽ ስብስብ እንኳ ለሰርጎ ገቦች ሊያገለግሉ የሚችሉ መሣሪያዎችን ይጨምራል። በአንጻሩ ሃሹ በዝርዝሩ ያልተገኘ ፋይል ሁሉ ተበክሏል ማለት አይደለም፤ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዘዋወር የቆየ የሶፍትዌር ጥቅል ተፈትቶ እንደገና ከታሸገ፣ ወይም አዲስ እትም ከሆነ፣ ሃሹ የተለየ ይሆናል። የፋይሉን ስም መቀየር ግን ሃሹን አይለውጠውም፤ ይህ በመመሪያው በትክክል ተገልጿል።

በመመሪያው በምሳሌነት የቀረበው የሃሽ ማስያ ዘዴ ኤምዲ5ም (MD5) ኤስኤችኤ-256 (SHA-256) በተባለው ዘዴ ይተካ። ተመሳሳይ ሃሽ ያላቸው የተለያዩ ይዘቶች ለኤምዲ5 እ.ኤ.አ. በ2004፣ ኤስኤችኤ-1 (SHA-1) ለተባለው ሌላ ዘዴ ደግሞ በ2017 በይፋ ታይተዋል። የኤስኤችኤ-256 ውጤት በ64 ቁምፊዎች ስለሚጻፍ፣ ብዙዎቻችን እንደምናደርገው የመጀመሪያዎቹን ጥቂቶች ብቻ በዓይን ማነጻጸር አይበቃም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የማነጻጸሪያው ሃሽ ፋይሉ ከመጣበት ከዚያው ፍላሽ መወሰድ የለበትም፤ ፋይሉን የቀየረ ሰው ሃሹንም ሊቀይር ይችላልና። ለምሳሌ የሊኑክስ ስርዓተ ክወና ዓይነት በሆነው በዴቢያን የሶፍትዌር ጥቅሎቹ ማውጫ የእያንዳንዱን ጥቅል ኤስኤችኤ-256 ሃሽ ይይዛል፣ የማውጫው ሃሽ ራሱ ደግሞ በዲጂታል ፊርማ በተረጋገጠ ፋይል ውስጥ ይገኛል።