ከ10 ፓውንድ በላይ አታንሳ

ልጄ በተወለደ በዘጠነኛው ሳምንት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ሐኪሜ ስለ ታመመው ወገቤ አንድ ወረቀት ሰጠኝ። ወረቀቱ ለቀጣዮቹ 6 ሳምንታት ከ10 ፓውንድ፣ ማለትም ከ4 ኪሎ ተኩል በላይ የሚመዝን ነገር እንዳላነሣ ያዝዛል። ልጄ በዚያው ሳምንት ሲመዘን 12 ፓውንድ ሆኖ ነበር። ይህን ለሐኪሙ ስነግረው ትንሽ አሰበና «እንግዲያው አንተ ተቀመጥ፤ ሰው ያስታቅፍህ» አለኝ። ምክሩ ትክክል ነበር። ነገር ግን ባለቤቴ ቀኑን ሥራ ላይ ስለምትውል በቤታችን ውስጥ የሚያስታቅፍ ሰው አልነበረም።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የወገቤ ዲስክ የተንሸራተተው ልጁ ከመወለዱ በፊት በሐምሌ ወር፣ የሕፃን አልጋ በካርቶኑ እንደታሸገ ሊፍት በሌለው ሕንፃ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ተሸክሜ ስወጣ ነው። (የልጁን አልጋ ተሸክሜ እኔው አልጋ ላይ እውላለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።) ሕመሙ ከወገቤ ተነሥቶ በግራ እግሬ እስከ ጣቴ ይወርድ ስለነበር በነሐሴ መጨረሻ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ዳንኩ ብዬ ወደ ሥራ በተመለስኩ በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ በዚያው ቦታ አገረሸብኝ።

በዚህ አገር ስለ አባቶች ፈቃድ ሲነሣ ሁሉም የሚጠቅሰው በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣውን የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ ነው። ሕጉ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉት መሥሪያ ቤት ቢያንስ 12 ወር ላገለገለና ባለፈው ዓመት 1,250 ሰዓት ለሠራ ሰው በዓመት 12 ሳምንት ፈቃድ ይሰጣል፤ የሥራ ቦታውንም ይጠብቅለታል፤ ደመወዝ ግን አያስከፍልም። ልጅ ከመውለዴ በፊት ያልገባኝ ነገር እነዚህ 12 ሳምንታት ለልጅም ለራስ ሕመምም በአንድነት የተሰጡ መሆናቸው ነው። ወገቤ 7ቱን በላና ለልጄ 5 ተረፉት። ሕመሙ ባገረሸ ጊዜ ቀሪ ሳምንት ስላልነበረኝ የምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ድርጅት ሥራዬን ለሌላ ሰው ሰጠው። የጤና መድናችን በባለቤቴ ሥራ በኩል ባይሆን ኖሮ እሱም ከሥራዬ ጋር አብሮ ይሄድ ነበር።

ከቤታችን በእግር የሚደረሰው ኢስተርን አቬኑ የሜሪላንድና የዋሽንግተን ዲሲ ድንበር ነው። ከመንገዱ ማዶ ባለ ምግብ ቤት የሚሠራ የአገሬ ልጅ፣ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የከተማው ሕግ መሠረት፣ ልጅ ሲወልድ እስከ 12 ሳምንት እየተከፈለው ቤቱ መቀመጥ ይችላል። ሜሪላንድም ተመሳሳይ ሕግ በ2022 አጽድቃለች፤ ክፍያው የሚጀመርበት ጊዜ ግን ደጋግሞ ተራዝሞ አሁን 2028 ላይ ደርሷል። ያን ጊዜ ልጄ ሮጦ የሚያመልጠኝ ዕድሜ ላይ ይሆናል። ስቶክሆልም የሚኖረው አብሮ አደጌ ደግሞ እዚያ ሁለቱ ወላጆች ለአንድ ልጅ 480 የክፍያ ቀናት እንደሚካፈሉ፣ ከእነዚህም ውስጥ 90 ቀን ለእያንዳንዳቸው ብቻ የተለየ በመሆኑ አባትየው ለሚስቱ ልስጥ ቢል እንኳ እንደማይችል ነገረኝ። የእኔን 5 ሳምንት ስነግረው ሳቀ፤ ሳቁ አልጣመኝም።

አገር ቤትስ? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት፣ ለአባት ደግሞ 3 ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣል። የታመመ ሠራተኛ እስከ 6 ወር ድረስ የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። በሕጉ ከሄድን እንግዲህ ለሕመምተኛነቴ አዲስ አበባ ይሻለኝ ነበር። ለአባትነቴ ግን በደመወዝ የተሰጠ 3 ቀን ይሻላል ወይስ ያለ ደመወዝ የተሰጠ 5 ሳምንት የሚለውን እስካሁን አልወሰንኩም። ይህም ቢሆን ደመወዝ ለሚቆረጥለት ሰው ብቻ የሚሠራ ነው፤ የቀን ሠራተኛውና የጉሊት ነጋዴዋ እንደ ልማዳቸው በማግስቱ ሥራቸው ላይ ይገኛሉ።

እኛ በውጭ የምንኖር ሰዎች አገራችንን የምንናፍቀው ግን ስለ አዋጁ አይደለም። ልጅ የወለደ፣ የታመመ፣ ወይም ትምህርት ጀምሮ መሐል ላይ የደከመው ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ «አገር ቤት ቢሆን ኖሮ ሰው ነበረን» ይላል። እኔም በዚያ ክረምት ይህን ስል ነው የከረምኩት። ወለሉ ላይ በጀርባዬ ተጋድሜ ለብዙ ቀን ከማሰብ በቀር ሥራ ስላልነበረኝ፣ «ሰው» የምለው ማንን እንደሆነ አንድ በአንድ ማስታወስ ጀመርኩ።

ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ሆኖ ሁለተኛ ዲግሪውን በማታ ሲማር ሁለት ልጆች ተወልደውለታል። አንድም ሴሚስተር አላቋረጠም፤ በቤተሰባችን ውስጥ የጽናት ምሳሌ ተደርጎ የሚነሣውም እሱ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ በቀጥታ ወደ ክፍል ይሄዳል፤ ምሽት 3 ሰዓት ቤቱ ሲገባ ራቱ ተሸፍኖ፣ ልጆቹ ተኝተው ይጠብቁታል። የመጀመሪያው ልጅ ሲወለድ እናታችን ከደሴ መጥታ አራሷን ገንፎና አጥሚት እያበላች ሁለት ወር ከረመች፤ እሷ ስትመለስ የሚስቱ እኅት ተተካች። በሁለተኛው ልጅ ጊዜ ደግሞ ከገጠር የመጣች አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ተቀጠረች። ልጅቷ ሕፃኑን አዝላ እንጀራ ስትጋግር፣ ልብስ ስታጥብ፣ ትልቁን ከትምህርት ቤት ስታመጣ ትውል ነበር። ስትቀጠር የጠየቀችው አንድ ነገር የማታ ትምህርት መማር ሲሆን ወንድሜም በሙሉ ልብ ተስማምቶ ነበር፤ ነገር ግን እሱ ክፍል የሚገባበት ሰዓትና እሷ ክፍል የምትገባበት ሰዓት አንድ ሆነ። ሰባተኛ ክፍል ላይ አቋረጠች። የወንድሜ ምርቃትና የልጅቷ ማቋረጥ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በተቀራረበ ጊዜ የሆኑ ነገሮች ናቸው፤ እኔ ግን ለዓመታት የማስታውሰው ምርቃቱን ብቻ ነበር። ፎቶግራፉ ላይ እንኳ ሕፃኑን ያቀፈችው እሷ ናት፤ ስሟን ግን ለማስታወስ ወንድሜ ጋ መደወል ነበረብኝ።

እሱም አንድ ጊዜ ወገቡን ታሞ ያውቃል። ፍራሽ ወለል ላይ ተነጥፎለት አሥር ቀን ተኛ፤ ወጌሻ መጣ፤ ጎረቤቱና የእድሩ ሰው እየተፈራረቀ ጠየቀው። በዚያ አሥር ቀን ልጆቹን ማን እንዳነሣቸው የጠየቀም የተጨነቀም አልነበረም፤ ጤነኛ በነበረበት ጊዜም የሚያነሣቸው እሱ አልነበረምና።

ወደ እኛ ልመለስ። ባለቤቴ በወለደች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የአካባቢው ኢትዮጵያውያን አላሳፈሩንም። ቅዳሜና እሑድ አስቀድመው እየደወሉ፣ ምግቡን በፎይል ትሪ እየያዙ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊሉ መጡ፤ ገንፎ አገንፍተው፣ ሳህን አጥበው የሄዱም አሉ። በሦስተኛው ሳምንት ቤቱ ጭር አለ። ፍቅር አጥሯቸው አይደለም፤ ሁሉም ሁለት ሁለት ሥራ አለው። አገር ቤት ሆነን አራስ ጠያቂ የሚበዛባት እናት እንቅልፍ አጥታ የምትማረርበትንም ጊዜ አውቃለሁና፣ በዚህ ረገድ የትኛው እንደሚሻል አልከራከርም። አማቴ እንድትመጣ የማይመለስ 185 ዶላር ከፍለን ያመለከትንላት ቪዛ ተከለከለ።

ስለዚህ ቤቱ ለሁለት ሰው ቀረ። ወገቤ ደህና በነበረባቸው በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ባለቤቴ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ወጥታ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ትመለስ ነበር፤ እኔ 10 ሰዓት ሥራ ለመግባት ልጁን በር ላይ አስረክቤያት እወጣለሁ። ጡጦው የታጠበ መሆኑን፣ ስንት ጊዜ እንደተጸዳዳ፣ መቼ እንደተኛ እየነገርን እንደ ዘበኛ ፈረቃ እንረካከብ ነበር። ድካሙ ከባድ ነው፤ ነገር ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድን ሕፃን ለማኖር በቀን ውስጥ ስንት ነገር እንደሚደረግ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አገር ቤት ብሆን ይህን ሳላይ ሦስት ልጅ ላሳድግ እችል ነበር።

ሕመሙ ሲያገረሽ ደግሞ ቤታችን በአንድ ቀን ወደ አገር ቤት ሥርዓት ተመለሰ። እኔ ተኛሁ፤ ባለቤቴ የእኔን ደመወዝ ለመተካት ትርፍ ሰዓት ጨመረች፤ ሌሊትም የምትነሣው እሷ ሆነች። ልዩነቱ እናቴም፣ እኅቷም፣ ያቺ የ16 ዓመት ልጅም አለመኖራቸው ነው፤ የሦስት አራት ሴት ሸክም ገና ቁስሏ በደንብ ባልጠገገ በአንዲት ሴት ላይ ወደቀ። ቀን ቀን ልጁን ያስታቀፈችኝ ከታችኛው ፎቅ የምትኖር የኤል ሳልቫዶር ተወላጅ ናት። እኔ ስፓኒሽ አልችልም፤ እሷም አማርኛ አትሰማም። ረፋድ ላይና ከምሳ በኋላ ትመጣለች፤ ልጁን ከአልጋው አንሥታ ጭኔ ላይ ታስቀምጥልኛለች፤ በጣቷ ሰዓቱን አሳይታኝ ትሄዳለች። ዳይፐር የምቀይረው ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ነበር። እዚህም ቢሆን የደረሰችልኝ ሴት መሆኗን ልብ ያልኩት ቆይቼ ነው።

ትምህርቱ የመጣው በዚህ መሐል ነው። አሜሪካ ለሚደርስ ሐበሻ ወንድ ሁለት ምክር ይሰጠዋል፤ አንዱ «ነርሲንግ ግባ»፣ ሌላው «ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) አውጥተህ ትራክ ንዳ» የሚል ነው። ነርስ በሽተኛ ያነሣል፤ የትራክ ሹፌር በቀን አሥር ሰዓት ይቀመጣል። ዲስኩ ሁለቱንም በሮች በአንድ ጊዜ ስለዘጋብኝ፣ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመርቄበት እዚህ ስመጣ እርግፍ አድርጌ ወደተውኩት ወደ አካውንቲንግ ተመለስኩ። ሌላ ሰው ዕድል ይለው ይሆናል፤ እኔ ግን ወገቤ ባይጎዳ ኖሮ ይህን ውሳኔ እንደማልወስን ስለማውቅ አልኮራበትም።

ዲግሪዬ በዚህ አገር ያለው ጠባይ ያስገርማል። ሥራ ልቀጠር ስል በመጀመሪያ አስገምግመው፣ የጎደለህን ኮርስ አሟላ፣ ለሲፒኤ (የተመሰከረለት የሒሳብ ባለሙያ) ፈተናም በቂ የትምህርት ሰዓት ያስፈልግሃል ይባላል፤ ከተማርኩትም የሚቆጠርልኝ ከፊሉ ነው። ለትምህርት ድጋፍ ሳመለክት ግን ያው ዲግሪ ሙሉ ክብሩን ያገኛል። የፌዴራል መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ተማሪዎች የሚሰጠውና የማይመለሰው ፔል ግራንት፣ ለ2024–25 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር የነበረው፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ሰው በአብዛኛው አይሰጥም፤ ዲግሪው የውጭ አገር መሆኑም ነገሩን አይለውጠውም። እንጀራ ሊያበላኝ ሲሆን የማይታወቅ ወረቀት ሊያስከለክለኝ ሲሆን ይታወቃል። ክፍያውን በየወሩ ከፋፍዬ ነው የምከፍለው።

በጥር ወር በአቅራቢያችን ባለ የኮሚኒቲ ኮሌጅ ሁለት ኮርስ ተመዝግቤ አንዱን በየካቲት አቋረጥኩ። ቃሉ በአማርኛ ሲነገር ይከብዳል፤ «አቋረጠ» የተባለ ሰው እኛ ዘንድ የወደቀ ነው፤ እናቴ ከመስማቷ በፊት ሦስት ሳምንት ደብቄያታለሁ። እዚህ ግን በመዝገቤ ላይ አንዲት ፊደል ተጻፈችና ነገሩ በዚያው አለቀ። ክፍል ውስጥ በቀኜ የ19 ዓመት ወጣት፣ በግራዬ የልጅ ልጅ ያየች ሴት ይቀመጣሉ፤ ሴትየዋ ትምህርቷን ሦስት ጊዜ አቋርጣ ሦስት ጊዜ ተመልሳለች፤ የተማረችውም ተቆጥሮ ይጠብቃታል። ከዚህ አገር አንድ ነገር ወደ አገሬ ውሰድ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ስመርጥም የማስበው ስለ ራሴ ሳይሆን ሰባተኛ ክፍል ላይ ስላቋረጠችው ልጅ ነው፤ ዛሬ ወደ ሠላሳው ዓመት ትጠጋለች።

ባለፈው እሑድ እናቴ በቪዲዮ ደወለች። ልጁን ታቅፌ ገንፎ በማንኪያ ሳጎርሰው አየችና «እሷ የት ሄዳ ነው?» አለችኝ። ሥራ ላይ እንደሆነች ነገርኳት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «አባትህ አንተን ታቅፎ ያየሁት የክርስትናህ ለት ነው» አለች፤ ቅሬታም ሙገሳም በድምፅዋ ውስጥ አልሰማሁም። ከዚያ ወገቤን ጠየቀችኝ። ደህና ነው፣ ሐኪሙ አሁን እስከ 25 ፓውንድ ፈቅዶልኛል አልኳት። ልጁ በዚያ ሳምንት 21 ገብቶ ነበር።