ዲላን በ1969ኙ ዉድስቶክ አልዘፈነም

«ቦብ ዲላን የሂፒዎች መሪ ነበር፤ በ1969 (እ.ኤ.አ.) ዉድስቶክ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይም ዘፍኗል» ላልከው ወንድሜ፣ ይሄ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ነው። አልዘፈነም። በነዚያ ዓመታት ኒው ዮርክ ግዛት ባለችው ዉድስቶክ ከተማ ይኖር ስለነበር ነው የሚምታታው። ፌስቲቫሉ የተካሄደው ግን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ቤቴል፣ በአንድ ወተት አምራች ገበሬ መሬት ላይ ነው።

መሪነቱንም ቢሆን አልፈለገውም። ሳይጠሩ ቤቱ ድረስ የሚመጡት፣ አንዳንዴም ሰብረው የሚገቡት ወጣቶች እንዳማረሩት ራሱ ጽፏል። በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ እንግሊዝ ሄዶ፣ ዋይት ደሴት ላይ ዘፈነ።

ቤቴል የዘፈነችው ከዲላን ጋር ትዘፍን የነበረችው ዘፋኟ ጆን ባዬዝ ናት። ያውም ነፍሰ ጡር ሆና፣ ባሏ ቬትናም አልዘምትም ብሎ ታስሮ ሳለ! የዲላን ቪዲዮ አይቻለሁ ካልክ፣ ምናልባት የ1994ቱ ዉድስቶክ ይሆናል።