ምስጋና ይገባል፣ ጎማውም ይገባል

ባለፈው ቅዳሜ ሚስማር የወጋውን ጎማዬን ላስለጥፍ ሶማሌ ተራ አካባቢ አንድ ጎሚስታ ዘንድ ቆሜ ነበር። ከፊቴ ሁለት ወጣቶች አንዲት ቪትዝ አቁመው ከጆንያ ውስጥ አራት የሚያብለጨልጭ ቸርኬ አወጡ። ባለ አስራ ሰባት ነው። ቪትዟ ከፋብሪካ ስትወጣ የተጫማችው ባለ አስራ አራት ነበር። ጎሚስታው ቸርኬውን አየ፣ ቪትዟን አየ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈን አደረገ። ከዚያ ያቺን የከተማችንን መኪና ሁሉ የምታሽከረክር ቃል ተናገረ፦

«ይገባል!»

ሜትር አልተመዘዘም። ካልኩሌተር አልወጣም። እኔ በበኩሌ ባርኔጣዬን ባደርግ ኖሮ አወልቅ ነበር።

ይህን ጸጋ የተነፈጉ ሰዎች የሚደክሙትን ድካም ስታዩ ታዝናላችሁ። የዚያች ቪትዝ ጎማ ጎኑ ላይ 165/70 አር 14 የሚል ተጽፎበታል። እኛ የምናነበው የመጨረሻዋን 14 ብቻ ነው፤ የቀረውን ለፋብሪካው ምስጢር ትተንለታል። እነዚያ ግን ቁጭ ብለው ይፈቱታል። 165 የጎማው ወርድ ነው፣ በሚሊሜትር። 70 ማለት የጎኑ ቁመት የወርዱ 70 በመቶ ነው። 14 ደግሞ የቸርኬው ክብ ከዳር እስከ ዳር ያለው ልክ (ዲያሜትሩ) ነው፣ በኢንች። («አር» ማለት ሬዲየስ ነው ብሎ ቡና ያስያዘኝ ወዳጅ አለኝ። ራዲያል ማለት ነው፤ በጎማው ውስጥ ያለው ክር የተዘረጋበትን አቅጣጫ እንጂ መጠን አይናገርም። ቡናውን እስካሁን አልጠጣሁም።)

ከዚያ መደመር ይጀምራሉ። አንዱ ጎን 115 ሚሊሜትር ተኩል፣ ላይና ታች 231፣ ቸርኬው 355 ተኩል ግድም፤ ጎማው ከአስፋልት እስከ አናቱ ወደ 587 ሚሊሜትር ሆነ። መኪናዋን የቀየሰው ጃፓናዊ የማርሹን ልክ፣ የፍጥነት ቆጣሪውን፣ በፓራፋንጎውና በጎማው መካከል የሚቀረውን ክፍተት ያሰላው ይችን ቁጥር ይዞ ነው። ስለዚህ ቸርኬው ባደገ ቁጥር የጎማው ጎን መቀጨጭ አለበት ይላሉ። ለአስራ ሰባቱ ቸርኬ 205/40 ቢያለብሱት ቁመቱ 596 ይመጣል፤ ልዩነቱ 2 በመቶ አይሞላም፤ እስከ 3 በመቶ ድረስ እሺ ይባላል። ደግሞ ይህ ሁሉ ስሌት መኪናዋ ውስጥ ተለጥፏል እኮ! የሾፌሩን በር ከፍተው ምሰሶውን ቢያዩ የጎማው ልክና የአየሩ መጠን የተጻፈበት ወረቀት አለ። መሪዋ ዱባይ የተገለበጠላት መኪና ከሆነች ወረቀቱ ከተሳፋሪው በኩል ቀርቶ ይሆናል፤ ጽሑፉም ጃፓንኛ ነው። ቁጥሩ ግን የሁላችንም ቁጥር ነው። እኛ ያንን በር የምንከፍተው ለመውረድ ብቻ ነው።

ጎሚስታችን ጋር የነበረው 215/45 ነው። ስለነበረ ገባ። የጎማ ልክ የሚወሰነው በመደርደሪያው እንጂ በመኪናዋ አይደለም፤ ይህን ያልተረዳ ሰው መርካቶ ጎማ ተራን ከዳር እዳር ሲዞር ይመሻል። ቁመቱ 625 ሆነ፣ ከልኩ 6 በመቶ ተኩል በላይ።

«ብሮ፣ መሪ ሳዞር አይነካም?» አለ ባለቤቱ፣ ትንሽ ቅር ብሎት።

«ትንሽ ቢነካ ነው። ፓራፋንጎዋን በመዶሻ ለስለስ እናደርግላታለን።»

እንዲህ ነው እንጂ! ጎማ ለመኪና አይመረጥም፤ መኪና ናት ለጎማ የምትስተካከል። ለበዓል ጫማ ገዝቶ እግሩን ያስሞረደ ሰው እስካሁን አልሰማሁም፤ መንገዱን ግን ይዘነዋል።

የዚህ አገጣጠም በረከት ተዘርዝሮ አያልቅም፤ ዋናውን ልንገራችሁ። ጎማው ሲተልቅ በአንድ ዙር የሚሄደው መንገድ ይረዝማል፤ ቆጣሪው ግን የድሮውን ይቆጥራል። 100 ኪሎ ሜትር ነድታ 94 ብቻ ትመዘግባለች። ደላላ አፍ ውስጥ ይህ ማር ነው፤ መኪናዋ ሳትቆም ኪሎዋ ይቀንሳል! በሌላ በኩል ቆጣሪው 60 ሲል መንገዱ ላይ 64 ናት። ትራፊኩ ራዳሩን ሲያሳይ በንጹሕ ልብ መከራከር የሚችለው የእኛ ሰው ብቻ ነው፤ ውሸት የለበትም፣ 60 ብሎ አይቷልና።

ቸርችል ጎዳናን ደግሞ አስቡት። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ፣ በሳሳ አየር፣ አንድ ሊትር የማትሞላ ሞተር ከለገሃር ተነስታ በብሔራዊ ቴአትርና በጥቁር አንበሳ በኩል እስከ ማዘጋጃ ትወጣለች። ትልቅ ጎማ ማለት ከባድ ማርሽ ማለት ነው። ፖስታ ቤት ጋ ስትደርስ ታቃስታለች፤ ፒያሳ ስትደርስ ግን ቸርኬዋ ያበራል፤ ሰው የሚያየውም እሱን ነው። ጎማው የተሠራው በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር እንዲችል ነው፤ ጎኑ ላይ ምልክቱ አለበት። ከፒያሳ አራት ኪሎ ድረስ በሥራ መውጫ ሰዓት እንዴት ያለ መተማመኛ ነው።

ስለ ቸርኬው ቀዳዳ ጉዳይ ብዙ አላወራም። የዳዶዎቹ ቀዳዳዎች የተደረደሩበት ክብ 100 ሚሊሜትር ካልሆነ ድሪል አለ። የመሀሉ ቀዳዳ የቶዮታ 54.1 ሚሊሜትር ነው፤ የገበያው ቸርኬ ደግሞ ብዙ ጊዜ 73.1፤ መሀል የምትገባ ቀለበት አለች፣ ግን ማን ያያታል? ያለሷ መሪው በፍጥነት ሲሄድ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። እንደ ስልክ ነው፤ ጥሪ እንዳያመልጥህ።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ጎሚስታን ከጣሊያን ወስደናል። ቸርኬን ወስደናል፣ ፓራፋንጎን፣ ካላማዳሪን፣ ዳዶን ወስደናል። ቃሉን ሁሉ አራግፈን ስንረከብ ሜትሩን ብቻ መለስንላቸው። ሉዓላዊነት ይሉታል ይኼ ነው።

ጎኑ የሳሳ ጎማ ጉድጓድ ሲያገኝ ቸርኬው አስፋልቱን እንደሚስም የሚያስፈራሩም አሉ። እውነት ነው፣ የድሮው ጎማ 115 ሚሊሜትር ትራስ ነበረው፣ አዲሱ 97 ቀርቶታል። ነገር ግን ቸርኬ የሚጣመመው ሌላ ቸርኬ እንዲገዛ ነው፤ ካልተጣመመ ሶማሌ ተራ ምን በልቶ ያድራል? እንዲሁ ባለ አስራ ሰባት ያስገጠመ የጎረቤቴ ልጅ ክዳኑ የጠፋ የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ አንዱን ሰነጠቀው። ስኮርታውን አወጣ፤ የድሮዋ ባለ አስራ አራት ናት። አሰራት። ሦስት ረጃጅም፣ አንዲት አጭር ተጫምታ መኪናዋ ወደ ግራ እንደተኮፈሰ ሽማግሌ ዘንበል ብላ ሳምንት ሙሉ ካዛንቺስን ዞረች። ዳሽቦርዱ ላይ የበራችውን የኤቢኤስ ፍሬን መብራት በፕላስተር ሸፈናት። ችግር ተፈታ።

ቪትዟ አለቀላት። ወጣቶቹ ፎቶ ተነሱ፣ አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከጎን፣ አንዴ ቸርኬው ሥር ተቀምጠው። ሲወጡ መሪ ሲያዞሩ «ክርርር» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ጎሚስታው እጁን ወደ ላይ አድርጎ «ይለምዳል!» አላቸው። የማን ልምድ እንደሆነ አላብራራም።

ተራዬ ደረሰ። ሚስማሩን ነቅሎ፣ ለጥፎ፣ አየር ሲሞላ አሮጊቷን ዲኤክሴን ከታች እስከ ላይ አያት። አንድ ዓይኑን ጨፈን አደረገ።

«ፋዘር፣ ለእሷም እኮ አስራ አምስት ይገባታል።»

ዞር ብዬ አየኋት። ስንት ዓመት በባለ አስራ ሦስት ተጫምታ፣ አንድ ቀን ሳታማርር።

«አራቱ ስንት ነው?» አልኩት።