አይሪሾች እኛ ሰፈር መጥተው ፊልም ሲያሳዩ

ከዋሽንግተን ዲሲ ጥግ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ የእኛ ሰፈር ናት። ይህን የምለው ቤት ስለገዛን አይደለም፤ ብዙዎቻችን ተከራይ ነን። ግን ጆርጂያ አቬኑ ላይ ስትሄዱ ቡና ሲቆላ ይሸታችኋል። በፓርኪንግ የተጣላችሁት ሰው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ በአማርኛ ይሰድባችኋል። ሰፈር ማለት ከዚህ ሌላ ምን እንደሆነ አላውቅም።

እዚሁ ሰፈር፣ ኮልስቪል ሮድ ላይ፣ ኤ.ኤፍ.አይ ሲልቨር የሚባል ሲኒማ ቤት አለ። በፈረንጆቹ 1938 የተከፈተ አሮጌ ቤት ነው። በ1980ዎቹ ተዘግቶ ለዓመታት ከቆየ በኋላ በ2003 ታድሶ እንደገና ተከፈተ። እኔ ወደ ሥራ ስሄድና ስመለስ በፊቱ ሳልፍ ዓመታት ቆጥሬአለሁ። ውስጡን ያየሁት ግን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «የአይሪሽ ፊልም ፌስቲቫል አለ፣ ልጅህን ይዘህ ና» ስትለኝ ነው።

ባልደረባዬ አሜሪካ ተወልዳ ያደገች ሴት ናት። ከአየርላንድ የመጣው ቅድመ አያቷ ነው። እሷ ደብሊንን ያየችው አንዴ፣ ለአምስት ቀን ነው። የአይሪሽ ቋንቋ አንዲት ቃል አታውቅም። ሆኖም ፌስቲቫሉ ሲደርስ ፈቃድ ትወጣለች። እኛ ለጥምቀት እንደምንወጣው ማለት ነው።

ፌስቲቫሉ ካፒታል አይሪሽ ፊልም ፌስቲቫል ይባላል። የሚያዘጋጀው ሶላስ ኑዋ የሚባል፣ ዋሽንግተን ውስጥ በ2005 የተመሠረተ ድርጅት ነው። ስሙ በእነሱ ቋንቋ «አዲስ ብርሃን» ማለት ነው አለችኝ። ሳቄ መጣ። እኛ ጋ ቢሆን የዕድር ወይም የማታ ትምህርት ቤት ስም ይሆን ነበር። የድርጅቱ ሥራ የዘመኑን የአየርላንድ ጥበብ ማሳየት ነው። የድሮውን አይደለም። አረንጓዴ ኮፍያና የቢራ ብርጭቆ ፍለጋ የሄደ ሰው አፍሮ ይመለሳል።

ስለ ሰዓት ብዙ አልልም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፊልሙ በፈረንጅ 7:15 ይጀምራል ተባለ፣ በ7:15 ጀመረ። እኔና ልጄ «ሰዓት አክብረን» በ7:20 ደረስን። ጨለማ ውስጥ የሰው እግር እየረገጥን ገባን።

መጀመሪያ በአይሪሽ ቋንቋ የተሠራ አጭር ፊልም ነበር። ከታች የእንግሊዝኛ ሰብታይትል ይሄዳል። እኔ ፊልሙን ትቼ አዳራሹን ማየት ጀመርኩ፤ ክፉ ልማድ ነው። ሳቁ ሁለቴ እንደሚመጣ ያስተዋልኩት ያኔ ነው። ቀልድ ሲመጣ መጀመሪያ የሚስቀው አንባቢው ነው። ጽሑፉን ጨርሶ፣ ተዋናዩ ገና አፉን ሳይዘጋ ይስቃል። ከፊታችን የተቀመጡ ሁለት ነጭ ፀጉር ሽማግሌዎች ግን ቆየት ብለው፣ ቃሉ አልቆ፣ ለብቻቸው ሲስቁ ሰማኋቸው። ቋንቋውን የሚሰሙት እነሱ ነበሩ። ያን ያህል ሰው በሞላበት አዳራሽ እኔ ልብ ያልኳቸው ሁለት ሰዎች! ልጄ ከአንባቢዎቹ ጋር ሳቀች። ባልደረባዬም ሳቀች። እኔም።

ይህ ሳቅ ምን እንዳስታወሰኝ ልንገራችሁ።

ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ልጄን ይዤ የአማርኛ ፊልም ለማየት ሄጄ ነበር። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አማርኛ ትሰማለች፤ ማለት «ነይ»፣ «ብዪ»፣ «ስልኩን አስቀምጪ» ትሰማለች። ፊልሙ ከአዲስ አበባ የመጣ ኮሜዲ ነው፣ አዳራሹ ለአንድ ማታ የተከራዩት ነው፣ ሰብታይትል የለውም። አንድ ትዕይንት ላይ ሽማግሌዎች ለጋብቻ ተልከዋል። የልጅቷ አባት «ለመሆኑ ልጁ ምን አለው?» ይላል። አንደኛው ሽማግሌ ኮራ ብሎ «ኧረ እሱ ሁሉ በእጁ ነው!» ይላል። ካሜራው ዞር ሲል ልጁ በር ላይ አንድ ፌስታል አንጠልጥሎ ቆሟል። ያለው ንብረት በሙሉ እሷ ውስጥ ነው። አዳራሹ ፈረሰ። ልጄ «ምን አለ?» አለችኝ። በሹክሹክታ ማስረዳት ጀመርኩ። «ሁሉ በእጁ» ሲባል ሀብታም ማለት ነው፣ ግን ደግሞ የእውነት እጁ ላይ ነው፣ ፌስታሉን አየሽው አይደል… እስክጨርስ ሁለት ትዕይንት አለፈ። በመጨረሻ ገባትና ከት ብላ ሳቀች። በዚያች ደቂቃ ስክሪኑ ላይ የልጅቷ እናት እያለቀሰች ነበር። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

ከዚያ በኋላ ስልኳን አወጣች። አልተቆጣኋትም።

አሁን ሁለቱን አዳራሾች አጠገብ ለአጠገብ ሳስቀምጣቸው የሚከነክነኝ አንድ ነገር ነው። በአየርላንድ በ2022 በተደረገው ቆጠራ ከትምህርት ቤት ውጭ በየቀኑ አይሪሽ እንናገራለን ያሉት 72,000 ያህል ሰዎች ናቸው። የእኛን አንድ ከተማ አይሞሉም። አማርኛ በአስር ሚሊዮኖች የሚነገር ቋንቋ ነው። ባለ 72,000ዎቹ ለኦስካር የታጨ ፊልም ሠርተውበታል። «ዝምተኛዋ ልጅ» ልንለው የምንችለው የኮልም ባሬድ ፊልም በ2023 በዓለም አቀፍ ፊልም ዘርፍ የመጨረሻዎቹ አምስት ውስጥ ገባ። በአይሪሽ ቋንቋ ተሠርቶ እዚያ የደረሰ የመጀመሪያው ነው። ታሪኩ አንዲት ትንሽ ልጅ ለአንድ ክረምት ዘመድ ቤት ስትላክ ነው፣ በቃ። ጥይት የለ፣ መኪና አይገለበጥ። አክስት ዘንድ ገጠር ተልኮ ያደገ ሐበሻ ሁሉ የሚያውቀው ታሪክ ነው። እኔ ቤቴ ሆኜ ነው ያየሁት፤ አለቀስኩ፣ ለሚስቴ ጉንፋን ነው አልኳት።

ይህ ዝም ብሎ አልመጣም። ቲጂ ፎር የሚባል በአይሪሽ ቋንቋ የሚሰራጭ ቴሌቪዥን ጣቢያ አላቸው። ከ2017 ጀምሮ ጣቢያው፣ የመንግሥት የፊልም ድርጅታቸውና የብሮድካስት ባለሥልጣናቸው አብረው በቋንቋው ለሚሠሩ ረጃጅም ፊልሞች ገንዘብ ይመድባሉ። «ዝምተኛዋ ልጅ»ም ከዚያ የወጣች ናት። በ2022 ደግሞ ለ2,000 አርቲስቶች በሳምንት 325 ዩሮ መስጠት ጀመሩ፤ ለሙከራ ብለው። አዲስ አበባ ላለ አንድ ዳይሬክተር ጓደኛዬ በስልክ ስነግረው ትንሽ ዝም ብሎ «በሳምንት ነው በወር?» አለኝ። በሳምንት አልኩት። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

እነሱም ቢሆኑ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበሩም። የፊልም ቦርዳቸው በ1987 ገንዘብ የለም ተብሎ ተዘግቶ እስከ 1993 እንደተዘጋ ቆይቷል። ስለዚህ ፈረንጅ ስለሆኑ ነው ብሎ መገላገል አይቻልም።

እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። ከዚሁ አዳራሽ ጆርጂያ አቬኑን ይዛችሁ ወደ ዲሲ ብትወርዱ፣ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን ሳንኮፋ መጽሐፍ ቤት ታገኛላችሁ። በ1993 «ሳንኮፋ» የሚለውን ፊልሙን የሚያከፋፍልለት ሲያጣ፣ ራሱ ሲኒማ ቤት ተከራይቶ አሳየ። «ጤዛ» በ2008 ቬኒስ ፌስቲቫል ላይ፣ በ2009 ደግሞ ቡርኪና ፋሶ በሚደረገው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል፣ በፌስፓኮ፣ ተሸለመ። በ2015 የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ካን ፌስቲቫል ገባ። ግን እነዚህ የአንድ አንድ ሰው ጉልበት ናቸው። ከአይሪሾቹ ፊልም በፊት የረዳቸው ድርጅት ዓርማ ሲዘረዘር ፖፕኮርኔን ግማሽ በላሁ። እኛ የሐበሻ ፊልም ስናይ የሚዘረዘሩት እንጀራ ጋጋሪው፣ የቤት ሽያጭ ኤጀንቱ፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃውና የትራቭል ኤጀንሲው ናቸው። እግዜር ይስጣቸው፤ እነሱ ባይኖሩ ያችም አንድ ማታ አትኖርም።

ወደ አዳራሹ ልመለስ። ሌላው የገረመኝ የሚያሳዩት ነገር ነው። ከፊልሙ በፊት ከኤምባሲያቸው የመጣ ሰው አጭር ንግግር አደረገ። ያየነው ፊልም ግን አገሩን አያሞግስም። የሚከራይ ቤት ያጡ ወጣቶች፣ ሱስ፣ የዘጋ አባት፤ ገመናው ሁሉ ተዘርግፏል። አይሪሹ ተዋናይ ኪሊያን መርፊ ኦስካር ባገኘበት በዚያው በ2024 የወጣውና ራሱ የተጫወተበት ፊልም ስለ መግደላዊት ልብስ ማጠቢያ ቤቶች ነው። «ወደቁ» የተባሉ ሴቶችና ልጃገረዶች ገዳም ውስጥ ተዘግተው ያለ ደሞዝ ልብስ የሚያጥቡባቸው ቤቶች ነበሩ። የመጨረሻው የተዘጋው በ1996 ነው፤ መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ2013። ይህን ገበና ሠርተው የበርሊን ፌስቲቫል መክፈቻ አደረጉት። እኛ ዘንድ «ገጽታ ያበላሻል» የሚል ሰው ፊልሙ ሳያልቅ ይነሳል። የኤምባሲው ሰው እስከ መጨረሻ ተቀምጦ ነበር፤ አይቼዋለሁ። አጨበጨበም።

ገጽታ ካልን አይቀር። በእረፍቱ ባልደረባዬ ከጎኗ ካሉ ሁለት ሴቶች ጋር አስተዋወቀችኝ። ከኢትዮጵያ ነኝ ስላቸው አንደኛዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ልጅ ሆነን ለእናንተ ሳንቲም ሰብስበናል» አለች። ምን ይባላል? አመሰገንኩ። በ77ቱ ድርቅ ዘፋኞችን የሰበሰበው፣ በዓመቱም ላይቭ ኤድ የተባለውን የእርዳታ ኮንሰርት ያቆመው ቦብ ጌልዶፍ አይሪሽ ነው። እነሱም ረሃብን ያውቁታል። ከ1845 እስከ 1852 ድንቹ በበሽታ እየተመታ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አልቆባቸዋል፤ ከዚያ የበለጠ ተሰዷል። የባልደረባዬ ቤተሰብ አሜሪካ የገባው በዚያ በተጀመረ ስደት ነው። ልዩነቱ፣ የእነሱን ረሃብ ዛሬ በፊልም የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው፣ ያውም በአይሪሽ ቋንቋ። የእኛን ለዓለም ያሳየው የቢቢሲ ዜና ነው። አርባ ዓመት አለፈ፤ ሴትዮዋ አሁንም የምታየው ያንኑ ምስል ነው።

ሁለተኛዋ ሴት፣ ነገሩ የከበደ መስሏት ነው መሰለኝ፣ «ሩት ነጋ የእኛ ናት!» አለች። ሊመሪክ ያደገች፣ እናቷ አይሪሽ የሆነች ተዋናይ ናት፤ በ2017 ለኦስካር ታጭታለች። አባቷ ሐኪም፣ ኢትዮጵያዊ፤ የተወለደችው አዲስ አበባ። «የእኛ ናት» አልኩ እኔም። ተሳሳቅን። ልጄ ወዲያው ስልኳን አውጥታ ፎቶዋን ፈለገችና «እቴ ገነትን ትመስላለች» አለች። እውነቷን ነው፣ ግንባሯ።

ለነገሩ እንታማ ቢባል እነሱም ይታማሉ። አዳራሹ በአብዛኛው ሽበት ነው። ፊልሙ ሲያልቅ በጨዋ ደንብ አጨብጭበው፣ ካፖርታቸውን ለብሰው ውልቅ። የእኛ አዳራሽ ይጮኻል፣ ክፉውን ሰውዬ ይሳደባል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ውጭ በር ላይ ሌላ አንድ ሰዓት ይቆማል። ወጣት ሞልቶበታል። ሕይወት ያለው የቱ ነው ብትሉኝ አላመነታም። ግን የባልደረባዬን ነገር ማሰብ ትቼ አላውቅም። አራተኛ ትውልድ ናት። ቋንቋው ከጠፋባት ቆይቷል። ሆኖም በየዓመቱ የካቲት መጨረሻ ገደማ የምትመጣበት በር ተከፍቶላታል። ገብታ የምትስቀው ከሁሉም ጋር እኩል ነው፣ እንዲያውም ቀድማ። እሷን ሳይ የማየው የልጄን የልጅ ልጅ ነው። ያቺ ልጅ ትመጣለች ልበል? ወዴት?

ስንወጣ ብርዱ ይጋረፋል። ልጄ መኪና ውስጥ ገብታ ማሞቂያውን እየከፈተች አንዲት የአይሪሽ ቃል ደጋገመች፤ ከፊልሙ የለቀመቻት። ምን ማለት እንደሆነች ታውቃለች፤ ከታች ተጽፎላታል።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ የማውቀው ልጅ ደወለልኝ። የአማርኛ ፊልም ከአዲስ አበባ እያስመጣ የሚያሳይ፣ ጎበዝ፣ ለፍቶ አዳሪ ልጅ ነው። ዋናው ተዋናይ ራሱ ይገኛል፣ ፎቶ አለ፣ ቲኬቱ እንጀራ ቤቱ ጋ ይሸጣል አለኝ።

«ሰብታይትል አለው?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ።

«ለማን?» አለኝ።

ሁለት ቲኬት ያዝልኝ አልኩት። ከኋላ ነው የምንቀመጠው፣ ሹክሹክታችን ሰው እንዳይረብሽ።