አቫታሩ ከቀሚሱ በፊት ቅንድብ ይኑረው

ስክሪን ላይ ፊት (አቫታር) ያለው፣ በአማርኛ የሚመልስ የሶፍትዌር ረዳት መሥራት ዛሬ ብርቅ አይደለም። ፊቱ ተዘጋጅቶ ይሸጣል። አብዛኛው በጀት ግን ለቆዳው፣ ለፀጉሩና ለሐበሻ ቀሚሱ ይውላል። ማዳመጥ የሚያስተምረው የለም።

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ያሉ አንዲት እናት ስለ ውሃ ሂሳባቸው ለረዳቱ ያስረዳሉ እንበል። ሰው ቢሆን በየመሐሉ ቅንድቡን ብድግ፣ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ እያደረገ «አዎ፣ እየሰማሁ ነው» ይላቸው ነበር። የተገዛው ፊት ግን ዐይኑን ተክሎ ፈገግ ይላል። «ሰማኸኝ ልጄ?» ብለው ከሥር ይጀምራሉ፤ ሶፍትዌሩም ድግግሞሹን አዲስ ጥያቄ አድርጎ ይይዘዋል።

ይህን «አዎ» ለማምጣት ብዙ ባለሙያ «መደነቅ» የሚለውን ዝግጁ ገጽታ በግማሽ ቀንሶ ሊያመቻምች ይሞክራል። አይሠራም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤክማንና ፍሪሰን በ1978 እ.ኤ.አ. ባወጡት የፊት እንቅስቃሴ ምደባ፣ የውስጠኛው ቅንድብ መነሳት 1፣ የውጨኛው 2፣ የላይኛው የዐይን ቆብ መገለጥ 5፣ የመንጋጋ መውረድ 26 ቁጥር አላቸው። መደነቅ አራቱንም ይዞ ይመጣል፤ የእኛ «አዎ» 1 እና 2 ብቻ ነው። 5 ትንሽ እንኳ ካለበት ዐይኑ ይፈጥና የደነገጠ ይመስላል።

ቪዲዮው በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ከሆነ ቅንድቡ በ4 ፍሬም ይነሳ፣ 3 ይቆይ፣ በ6 ይውረድ። አወጣጡና አወራረዱ እኩል ፍጥነት ካለው ማሽንነቱ ያስታውቃል። ተናጋሪው ዝም ባለ ቁጥር ሁሉ አይደረግ፤ አንዳንዱ ይታለፍ። የትንፋሹ ድምፅም ከስፒከር ወጥቶ ተመልሶ ማይክ ውስጥ እንዳይገባ ያንን ቅጽበት ማፈን ያስፈልጋል።

ከንፈር ላይ «መ»፣ «በ»፣ «ፐ» እና «ጰ» ሙሉ በሙሉ ይዘጋሉ። ጠብቀው ሲነገሩ ከላላው እጥፍ ያህል ተዘግተው ይቆዩ፤ ለእንግሊዝኛ የተሠራ ፕሮግራም ይህን አያውቅም።

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ኔትወርክ ሲደክም ቪዲዮ ይቆራረጣል። ፊቱ ስልኩ ላይ ተጭኖ የእንቅስቃሴው ቁጥሮች ብቻ ቢላኩ ይሻላል፦ ኤአርኪት የተባለው የአፕል ሶፍትዌር 52 የፊት መለኪያዎች፣ እያንዳንዳቸው በ1 ባይት፣ በሰከንድ 30 ጊዜ ቢላኩ በሰከንድ 1,560 ባይት ነው። ከቪዲዮ አንጻር ኢምንት። ኔትወርኩ ጭራሽ ሲቋረጥ ግን ፊቱ ባለበት ይደርቃል፤ ቅንድቡ እንደተነሳ ከቀረ እናት «እሺ ብሎኛል» ብለው ስልኩን ይዘጋሉ። ስለዚህ ቁጥር መምጣት ባቆመ በ300 ሚሊሰከንድ ውስጥ፣ ከሁሉ ቀድሞ ቅንድቡ ወደ ቦታው ይመለስ።