ማስተካከያ፦ «ባላገር» እና «ፋራ» አንድ አይደሉም

ስለ ሰሜን ሸዋ አነጋገር ባለፈው ባጋራነው ጽሑፍ «ባላገር ማለት ጥበብ የማይገባው፣ ፋራ ማለት ነው» ብለናል። ስህተት ነው። የአማርኛ መዝገበ ቃላት እንደሚፈቱት፣ «ባላገር» ከ«ባለ» እና «አገር» ጥምረት የወጣ ቃል ነው፤ አገር ያለው፣ በርስቱ የሚኖር ገበሬ ማለት ነው። የንቀት ቃና የጨመረበት ከተሜው ነው።

«ፋራ» ግን አራድኛ ነው፤ የ«አራዳ» ተቃራኒ። «ባላገሩ ገብሱን አጨደ» ቢባል ማንም አይቀየምም፤ «ፋራው አጨደ» ቢባል ግን ስድብ ነው።

በዚሁ ስህተት የመንዝን ባና ለባሽ «ፋራ» ብለነዋል፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ባና ሴቶች ከበግ ጸጉር ፈትለውት፣ ወንዶች ሸምነውት የደጋውን ብርድ የሚመክት የእጅ ጥበብ ነው። የቀድሞውን ያጋራችሁ፣ እባካችሁ በዚህ ተኩት።